የማይበወዘው ጥቅል

ክላይቭ ራድፎርድ ፈሪ የሚባል ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በርኒ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ተነስቶ እላይ ያለችውን የመስታወት ጎጆ ሲያወዛውዛት፣ እሱ ውስጧ ተቀምጦ ሳንድዊቹን ይገምጥ ነበር። ከታች በሬዲዮ «ውረድ እንጂ አንተ ሰውዬ» ሲሉት «መጀመሪያ ልብላበት» ይላቸዋል። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጥቅል ካርታ በጃኬቱ ኪስ ይዞ፣ ፔታ የምትባል ሴት የካርታ መጫወቻ ሱቅ በር ላይ ቆሞ መግባት ያቃተው።

ምን ሆኖ? እጁ ነዋ፤ ቀኝ እጁ።

የጀመረው በበጋው ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ነበሩ። ቴሌቪዥን እያየ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ ሁለቱ ጣቶች የዳቦ ፍርፋሪ እንደሚያድቦለቡል ሰው እርስ በርሳቸው መታሸት ይጀምራሉ። አንድ ነገር ሲይዝባቸው ይተዉታል። «ድካም ነው» አለ። ቀጥሎ እጁ እስከ አንጓው ሆነ። ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ እምቢ አለው። አሁን ደግሞ ሰው ሲያየው ይብስበታል። እንዳይታይ ይፈራል፣ ሲፈራ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥ ጭራሽ ይፈራል። ከዚህ የከፋ ወጥመድ ካለ ንገሩኝ።

ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ሐኪም ካወቀ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱ ካወቀ ከክሬኑ ይወርዳል። ከክሬን የወረደ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ያውቃል፤ ኖርምን በየቀኑ ያየዋል። ኖርም በጊዜው የወደቡ አንደኛ ክሬን ነጂ ነበር፤ ወገቡ ሲከዳው አወረዱትና በር ላይ ወንበር ሰጡት። መታወቂያ ያያል። ድሮ «ኖርም እንዲህ አነሳ፣ ኖርም እንዲያ አወረደ» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ካርዳቸውን ከመኪና መስኮት አውጥተው ፊቱን ሳያዩ ያልፋሉ። ክላይቭ ያቺን ወንበር ከሞት ይበልጥ ይፈራታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን መድኃኒት አልፈለገም። የፈለገው ያቺን የመስታወት ጎጆ ነው።

ሚስቱ ሎሬይን አንድም ቀን ስለ እጁ ተናግራው አታውቅም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሻዩን ስትቀዳለት ግማሽ ኩባያ ብቻ ነው። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀምጠዋል።

ታዲያ እንዲህ ከፈራ ቅዳሜውን ቤቱ አርፎ ለምን አልተኛም? እሱንማ ሞክሮ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ ከፔታ ሱቅ ቀረ። ከሦስተኛው በኋላ ሰኞ ዕለት ዴስ ፑለን የጓንቱን ጫፍ በጥርሱ እየሳበ «ምነው፣ ከካርታ ጋር ተጣላችሁ?» አለው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«እኔም እኮ አብሬህ ነው የምሠራው» አለ ዴስ።

ዴስ ጭነት አሳሪ ነው። ክላይቭ እላይ፣ ዴስ እታች። ሰንሰለቱን ያስራል፣ በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ የሚወርደውን ከሥር ተቀብሎ ቦታው ላይ ያሳርፋል። በኛ ወደብ ክሬን ነጂና ጭነት አሳሪ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ይነታረካሉ እንጂ አይለያዩም። ደንቡ ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር አትቁም ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰውዬ ግን መርከብ ጎን ቆሞ ቧንቧ አውርዶ አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ወጣት ሆነው ነው የተገናኙት፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ፔታ ዘንድ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ሰባቱ ወደቦች» የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወቱ ነው ፀጉራቸው የሸሸው።

ዴስ ከጠረጠረ ደግሞ ወደቡ ሁሉ ጠረጠረ ማለት ነው። መቅረት ራሱ ወሬ ሆነ። ስለዚህ ክላይቭ «ለክረምቱ ዋንጫ እመጣለሁ» አለ።

የፔታ የክረምት ዋንጫ የራሱ ሕግ አለው። በሌላው ቀን ወጣቶቹ ከኢንተርኔት ላይ የሻምፒዮኖችን ጥቅል ካርታ በካርታ ገልብጠው ይመጣሉ፤ በክረምቱ ዋንጫ ግን ይሄ ነውር ነው። ፔታ ቀደም ብላ ከኋላ ክፍል ማንም የማይፈልጋቸውን ካርታዎች በካርቶን አውጥታ ትደፋለች፤ ሁሉም ከዚያ ለቅሞ በራሱ ጭንቅላት ጥቅሉን ይሠራል። አሸናፊው ዋንጫ የሚሉትን አያገኝም፤ ከሥጋ ቤቱ አንድ ትሪ ሙሉ ቋሊማና የበግ ሥጋ ነው የሚሸለመው። ለዚያ ትሪ ሲሉ ወንድማማቾች ተኮራርፈዋል።

ክላይቭ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሎሬይን እግር ኳሷን ስታይ፣ ከካርቶኑ የለቀማቸውን ካርታዎች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዓለም አይቶት የማያውቅ ጥቅል ሠራ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ጨዋታ መርከብ ታሰማራለህ፣ የባላንጣህን ወደብ ታቃጥላለህ። ጠንካራ ጥቅል ሁሉ «አሳሽ» የሚባሉ ካርታዎች አሉበት፤ አሳሽ ስታወርድ ከጥቅልህ ውስጥ የምትፈልገውን ካርታ ፈልገህ ታወጣለህ። ከፈለግህ በኋላ ግን መበወዝ አለብህ፤ እዚያው፣ በእጅህ፣ ባላንጣህ ፊት ለፊት። ክላይቭ አሳሾቹን አንድ ሳያስቀር አወጣቸው። በምትካቸው መብራት ቤት፣ ጭጋግ፣ ዘገምተኛ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች አስገባ። የሚመጣለትን እየተቀበለ የሚጫወት ጥቅል ሆነ። ለማሸነፍ አልነበረም የሠራው። ላለመበወዝ ነው።

ካርታ በእጁ ላለመያዝ ደግሞ ከቁራጭ ጣውላ ትንሽ ማስደገፊያ ጠረበ። ጨዋታው ሲጀመር ያለችውን አንዷን ብወዛ በክምር ይወጣታል፤ ማለትም ካርታውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ በየክምሩ እያስቀመጠ ይደለድላታል። ቀስ ይላል እንጂ ይቻላል። ሁሉን አሰበበት። እንዲህም ሆኖ ፔታ በር ላይ ሲደርስ ተገትሮ ቀረ፤ ከውስጥ ያሉት ሰዎች «ግባ ወይ ውጣ፣ ብርድ አስገባህብን» ባይሉት ኖሮ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይገባ ነበር።

የመጀመሪያ ባላንጣው ሃሚሽ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ አፉ የማይከደን ጎረምሳ። ክላይቭ ጣውላውን ሲያስቀምጥ አየው።

«ምንድነው ይሄ ፋዘር፣ የወፍ ቤት ነው?»

«ለዓይኔ ነው። ተደግፎ ሲቆም በደንብ ይታየኛል።»

«ክምሩስ? እስክትጨርስ እኔ ልመረቅ ነው እኮ።»

«ተመረቅ፤ እናትህም ደስ ይላታል።»

ሰዎች ሳቁ። ክላይቭም ሳቀ፤ ግራ እጁ ግን ከጠረጴዛው ሥር ቀኙን ጨምድዶ ይዞ ነበር። ከጠረጴዛ ሥር እጅ መክተት በፔታ ሱቅ አይፈቀድም፤ ያጭበረብራሉ ይባላል። እሷም በአጠገባቸው ስታልፍ እጁን ቶሎ አውጥቶ የሻይ ኩባያ ያስይዘዋል፣ ኩባያው ባዶ ነው። ጨዋታውን እንዴት እንደተጫወተው አያውቅም። ሃሚሽ አሳሽ አወረደ፣ በወዘ፣ ፈለገ፣ በወዘ፤ ካርታዎቹ በጣቶቹ መሃል ሽር ሲሉ ክላይቭ ዓይኑን ከነዚያ ጣቶች መንቀል አቃተው። እንዲህ ያሉ ጣቶች እሱም ነበሩት።

ሃሚሽ ግን ጭጋጉን መሻገር አቃተው። ዘገምተኞቹ መርከቦች እየተንፏቀቁ ደርሰው ወደቡን አቃጠሉበት።

«ይሄ ጥቅል ነው ወይስ የጡረተኞች ማኅበር?» አለ ሃሚሽ ካርታውን እየሰበሰበ። «አንድ አሳሽ እንኳ የለህም? ሰው እንዴት ያለ አሳሽ ይጫወታል?»

«አልወዳቸውም።»

ከጎናቸው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ዴስ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ክላይቭን አይቶ፣ ጣውላዋን አይቶ፣ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ክላይቭ ግን ያቺ እይታ ጀርባው ላይ እንደ በረዶ ውሃ ወረደች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዙሮች ላብ ናቸው። ውጭ ዝናቡ መስኮቱን ይገርፋል፣ ውስጥ ማሞቂያው ይነድዳል፣ ሁሉም ሰው ጃኬቱን አውልቋል፤ ክላይቭ ብቻ እጅጌው እስከ ጣቱ የሚደርስ ጃኬቱን ለብሶ ይቃጠላል። በየጨዋታው መሸነፍን ይመኛል። ቢሸነፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መጣ፣ ተጫወተ፣ ተሸነፈ ይባላል፣ ወሬውም ይሞታል። ያ የሰነፍ ጥቅል ግን አልሸነፍ አለ። ሰው ሁሉ ለፈጣን ጥቅል መድኃኒት ይዞ መጥቷል፤ ለዘገምተኛ መድኃኒት ያሰበ የለም። ምሳ ላይ ሁሉም ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ዳቦ በቲማቲም ድልህ ነክሮ ሲበላ እሱ አልራበኝም አለ። ፓይ በአንድ እጅ አይበላም፤ በሁለት እጅ ቢበላው ደግሞ ይንጠባጠባል።

ለፍጻሜው የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው ሲባል ክላይቭ የባላንጣውን ማንነት ሳይነግሩት አወቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዴስ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሌላው ጊዜ ቢሆን «ሚስትህ ሥጋውን ከኔ ትግዛ» ምናምን ይለው ነበር። ዛሬ ወንበሩን ብቻ አስተካከለ፣ ጥቅሉን አስቀመጠ፣ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የዴስ እጆች ትላልቅ ናቸው፤ ሰንሰለት የበላቸው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዙሪያቸውን ከበበ፤ ፔታም መነጽሯን አድርጋ ከጠረጴዛው ራስ ቆመች።

ክላይቭ ክምሩን ደለደለ። ዴስ ጥቅሉን ቆረጠለት። ጀመሩ።

መጀመሪያ ነገሩ ለክላይቭ ሰላም መሰለው። ዴስ መርከብ አወረደ፣ እሱ ጭጋግ። ዴስ አጠቃ፣ እሱ መብራት ቤት። ልቡ ትንሽ ረገብ አለችለት። ያን ጊዜ ዴስ አንድ ካርታ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በጣቱ ወደ ክላይቭ ገፋት።

ማዕበል ነበረች።

ከከበቡት ሰዎች አንዱ ሳቁን አፈነ። ማዕበልን ማንም አይጫወታትም፤ ፔታ ካርቶን ውስጥ እንደ አሸዋ ነው የሞላችው። የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ ሁለቱም ተጫዋቾች በእጃቸው ያለውን ካርታ ከጥቅላቸው ጋር ቀላቅለው ይበውዙ። ለባላንጣህም ለራስህም እኩል ነች፤ ጥቅሟ ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም።

«በክምር ላድርገው» አለ ክላይቭ።

«ክምር በአንድ ጨዋታ አንዴ ነው» አለች ፔታ። «በእጅህ በውዝ።»

«ዛሬን እንኳ ፔታ።»

«አይሆንም ክላይቭ። ሕጉን እኮ ያወጣኸው አንተ ራስህ ነህ፤ ሃሚሽ ጊዜ ይገድላል ብለህ።»

እውነት ነው፣ እሱ ነው ያወጣው። ያኔ እጁ ጤነኛ ነበር፤ ሕጉ ለሌላ ሰው የወጣ መስሎት ነበር።

ጥቅሉን አነሳ። ለሁለት ከፈለው፣ ታችኛውን ወደ ላይ አደረገ። እንደገና ከፈለ፣ እንደገና ገለበጠ። ይህ ብወዛ ሳይሆን የብወዛ ማስመሰል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሲመልሰው ካርታዎቹ የገቡባቸው የላስቲክ ሽፋኖች ተንሻፍፈው ጥቅሉ ተጣሞ ቆመ። ላቡ ከጆሮው ሥር ወረደ። ቀና ሲል ዴስ ካርታውን አያይም። እጁን ነው የሚያየው።

ዴስ የራሱን በወዘና ጨዋታው ቀጠለ። ክላይቭ የቱ ካርታ የቱ እንደሆነ መለየት ተሳነው፤ ዓይኑ የዴስ እጅ ላይ ነው፣ ከዚያ ምን ይወጣ ይሆን እያለ። ብዙም ሳይቆይ ወጣች። ሁለተኛዋ ማዕበል።

አሁን እጁ ብቻውን ጀመረ። ማንም ሳይነካው፣ ጥቅሉን ገና ሳያነሳ፣ እጅጌው ውስጥ እንደተያዘ ወፍ ይርገበገባል። በግራው ሊይዘው ሞከረ። ጥቅሉን አነሳ፣ ከፈለ፣ ሊያገናኘው ሲል አንዱ ግማሽ አመለጠውና ካርታው ሁሉ በጠረጴዛው፣ በጉልበቱ፣ በወለሉ ላይ ተበተነ።

«የፓይ ቅባት ነው» አለ ሃሚሽ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ። «እጅህን ሳትታጠብ መጣህ አይደል ፋዘር?»

«አዎ፣ ቅባት ነው» አለ ክላይቭ። ፓይ እንዳልበላ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዴስ ነው፣ ምሳ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹ ሳቁ፣ ዴስ አልሳቀም። ካርታዎቹ ተለቅመው ተመለሱ፣ ፔታ አዝናለት ራሷ በወዘችለት፣ ጨዋታው ቀጠለ። ክላይቭ በልቡ አለፈ፣ አለፈ ይላል። ወንበሯ ግን ታየችው፤ የኖርም ወንበር፣ መታወቂያው፣ ፊቱን ሳያዩ የሚያልፉት መኪኖች።

ወዲያው የዴስ ዕድል ቀና። ሁለት ትላልቅ መርከቦች ወጡለት፤ የክላይቭ ጭጋግ አልቋል፣ ወደቡ ባዶውን ነው። አንድ ጊዜ «አጥቃ» ቢል ትሪው የሱ ነው።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ሃሚሽ። «ምን ትጠብቃለህ ዴስ?»

ዴስ መርከቦቹን አልነካቸውም። ሌላ ካርታ ከእጁ መዝዞ አስቀመጠ። ሦስተኛዋ ማዕበል ነበረች።

«አብደሃል እንዴ?» አለ ሃሚሽ። «አሸንፈኸው እኮ ነው።»

«ክላይቭ ይበውዝ» አለ ዴስ።

ክላይቭ ያን ጊዜ ገባው። ንዴት ከፍርሃቱ ቀድሞ ወጣ። «አውቀህ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቺን ካርታ አውቀህ ነው ያስገባሃት።»

«አውቄ ነው።»

«ሰው ፊት ልታዋርደኝ?»

«ቤትህ መጥቼ ሻይ ጠጣሁ፤ አልነገርከኝም። መኪና ውስጥ ጠየቅሁህ፤ ብርድ ነው አልከኝ። ሦስት ቅዳሜ ጠፋህ። ካርታ ላይ አየዋለሁ አልኩ፣ አንተ ደግሞ አሳሽ የሌለበት ጥቅል ሠርተህ መጣህ። ለምን እንደሠራኸው ያልገባኝ መሰለህ?»

«ስለ ምን እንደምታወራ አላውቅም።»

«ማክሰኞ» አለ ዴስ። «ቧንቧዎቹ።»

ክላይቭ ዓይኑን ወደ ጣውላዋ መለሰ።

«ከአናቴ በላይ ሲያልፉ ዘለሉ። ነፋስ ነው ብዬ ወደ መርከቡ ጭስ ማውጫ አየሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው ክላይቭ፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ከዚያ በፊትም ነበር። እኔ ከሥር ነኝ፤ መንጠቆው ሲንቀጠቀጥ ከኔ በላይ ማን ያያል?»

ፔታ መነጽሯን አወለቀች። ሃሚሽ አፉን ዘግቶ ቆመ፤ ይህን ያየ ሰው ሁሉ እስካሁን ያወራዋል።

«ለአለቃ ነግረሃል?» አለ ክላይቭ።

«አልነገርኩም። አልነግርም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ምንም» አለ ዴስ። «ሰኞ ያ ከባድ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ከመርከብ ይወርዳል። አንተ እላይ ከሆንክ እኔ እታች ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እጄን አምነህ ጭነት አውርደሃል፤ እኔ ነኝ ከክሬኑ ያወረድኩህ እንዲባል አልፈልግም። ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔ እንደ ወትሮው ከሥሩ እቆማለሁ።»

«ከሥሩ አትቁማ።»

«የት ልቁም? ሥራዬ ነው።»

ክላይቭ ማክሰኞን አየው። ከላይ ሆኖ ያየው ነገር ነበር፤ አላየሁም ብሎ የደበቀው። ቧንቧዎቹ ሲዘሉ ከታች ያቺ የዴስ ቢጫ የራስ ቁር ቀጥ ብላ ቆመች። ለአፍታ ነው የቆመችው፤ ከዚያ እንደገና መሄድ ጀመረች፣ እጅም ተነስቶ «አውርድ፣ አውርድ» የሚል ምልክት ሰጠ። እሱም እላይ ሆኖ «ነፋስ ነው» አለ፣ ለብቻው፣ ማንም ሳይጠይቀው። እስከዛሬ ሲፈራ የኖረው ለራሱ ነው። የኖርምን ወንበር ሲፈራ፣ የሰው ዓይን ሲፈራ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ሲፈራ ኖረ፤ ያቺ የራስ ቁር ከቧንቧ ሥር ብትቀር ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አልፈራም። አሁን ፈራ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቶ አያውቅም፤ የሱቁ መብራት ዓይኑ ላይ ጨለመበት። ያችን ወንበር በዚህ ፍርሃት ጎን ቢያስቀምጧት እንደ ሶፋ ትታየው ነበር።

ጃኬቱን አወለቀ። ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣቸው፣ መብራቱ ሥር፣ ሁሉም በሚያይበት። ቀኙ ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ባዶ ኩባያ ሳይቀር አብሮት ተንቀጫቀጨ። ማንም አልሳቀም።

«ሰኞ ክሬኑ ላይ አልወጣም» አለ።

ዴስ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በኔ ጭነት ሥር አትቆምም፣ ሰማህ? ወዳጄ፣ አትቆምም።»

«ሰማሁ» አለ ዴስ።

ክላይቭ ጥቅሉን በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ አነሳና መበወዝ ጀመረ። ካርታ ይወድቃል፣ ያነሳል፤ ይወድቃል፣ ያነሳል። ጊዜ ወሰደ። ፔታም ቶሎ በል አላለችውም። ሲጨርስ ጥቅሉን አስቀመጠና ወደ ዴስ ገፋው። «ያንተ ተራ ነው» አለው። ማዕበል ሁለቱንም ታስበውዛለች።

ዴስ የራሱን ጥቅል አነሳ። ለሁለት ከፈለው፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም። ካርታዎቹ ከነዚያ ትላልቅ እጆች መሃል እየሾለኩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሱ። ሊሰበስባቸው ሞከረ፣ ጭራሽ ተበተኑበት። እጆቹን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ያዛቸው፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለ ክላይቭ ደንግጦ። «ዴስ፣ ምን ሆንክ?»

«ጠዋት ጠዋት እጸልይ ነበር» አለ ዴስ። «እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን የማላውቀው። ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ፣ ካልነገረኝ ደግሞ ዛሬም ሳት አይበለው እያልኩ። ሚስቴን ደህና ዋይ ሳልል ከቤት አልወጣም ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር እኮ ክላይቭ፤ ከሥሩ የቆምኩት አንተን ላለማጣት ብዬ ነው።»